መጽሐፉ እጄ ላይ ነው፣ ኢንተርኔት ላይ ግን የለም፤ ምንጭ አይሆንም ማለት ነው?

የቅዳሜ ገበያ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ዊኪፔዲያ ላይ የምትጽፉ ሰዎች እዚህ እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው ወደዚህ የመጣሁት። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

የተወለድኩባት ከተማ ትንሽ ናት። ስሟን አልጠቅስም። ክርክሩ ገና ስላላለቀ ሰው ጠርቼ ድምፅ የማሰባስብ እንዳይመስልብኝ ነው። በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ስለ እሷ የተጻፈው አምስት መስመር ቢሆን ነው። ከአምስቱ አንዱ ከተማዋን የመሠረቷት ጣሊያኖች ናቸው ይላል፣ በወረራው ጊዜ። ምንጩ የአንድ አስጎብኚ ድርጅት ድረ ገጽ ነው። ማን እንደጻፈው የለም። መቼ እንደተጻፈ የለም። ጸሐፊው ከየት እንዳመጣውም የለም።

እኔ ያደግሁት ሌላ እየሰማሁ ነው። አያቴ ጣሊያን ሳይገባ እዚያው ገበያ ላይ አሞሌ ጨው ይሸጡ ነበር። ቤታችን ደግሞ አባቴ ያስቀመጠው አንድ መጽሐፍ አለ። ስለ አውራጃችን ታሪክ የሚናገር፣ በ1961 የታተመ። ሽፋኑ ተበጣጥሶ አባቴ በካርቶን ለብጦታል፣ ጀርባውን በክር ሰፍቶታል። ገበያው ከጣሊያን በፊት እንደነበረ እዚያ ላይ ተጽፏል።

ይህን ጨመርኩ። የደራሲውን ስም፣ የመጽሐፉን ርዕስ፣ ዓመተ ምሕረቱንና ገጹን አስቀመጥኩ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አንድ ሰው አነሳው። ምክንያቱ «ይህ መጽሐፍ መኖሩን ማረጋገጥ አልቻልኩም» የሚል ነው። መለስኩት። አነሳው። እንደገና መለስኩት፣ እንደገና አነሳው፣ በመጨረሻም የማስጠንቀቂያ መልእክት ተላከልኝ። የአስጎብኚው ድረ ገጽ ግን ሊንክ ስላለው ብቻ ቁጭ ብሏል።

አንድ ሌላ ነገር ልንገራችሁ። ይህንኑ በአማርኛው ዊኪፔዲያ ላይም ጽፌ ነበር። እዚያ ምንም ምንጭ ሳላስቀምጥ፣ አያቴ የነገሩኝን እንዳለ ነው የጻፍኩት። ሰባት ወር ሆነው። አንድም ሰው አልነካውም፣ አንድም ሰው ከየት አመጣኸው አላለኝም። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ይሄኛውም እኩል ያሳስበኛል።

ጥያቄዬ፦ ኢንተርኔት ላይ የሌለ፣ በአማርኛ የተጻፈ መጽሐፍ እንደ ምንጭ አይቆጠርም? አያቴ ያዩትስ?

—

ቀጥተኛው፦

ወንድሜ፣ መልሱ አጭር ነው። ፈረንጅ ካልጻፈው አይቀበሉም። አለቀ። እኔም ሁለት ዓመት ታግዬ ተውኩት። የገዛ አገራችንን ታሪክ ከሊንክ ጋር አምጡ ይሉናል። አባቶቻችን ሊንክ አልነበራቸውም።

—

አርታኢ ከአራት ኪሎ፦

@ቀጥተኛው፣ ንዴትህ ይገባኛል፣ ግን ሰውየውን ተስፋ አታስቆርጠው፣ ምክንያቱም ሕጉ ከእሱ ጋር ነው።

የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ መመሪያ በግልጽ ያስቀመጠው ነገር አለ። ምንጭ የግድ ኢንተርኔት ላይ መገኘት የለበትም። የግድ በእንግሊዝኛ መሆንም የለበትም። እኩል ጥራት ያለው የእንግሊዝኛ ምንጭ ካለ እሱ ይመረጣል፣ ከሌለ ግን የአማርኛው በሙሉ መብቱ ይገባል። የሚፈለገው የታተመ መሆኑና አንድ ሌላ ሰው ቢደክምም ቢለፋም ፈልጎ ሊያገኘው መቻሉ ነው። ወመዘክር ሄዶ ካርድ ሞልቶ ማንበብ ይቻላል? ይቻላል። በቃ። ማግኘቱ አስቸጋሪ ነው ማለት ምንጩ አይታመንም ማለት አይደለም።

ማስረጃ የማቅረብ ግዴታው ግን የአንተ ነው። ጨማሪው ነው የሚጠየቀው። እሱ ሲያነሳው አንተ ደጋግመህ መመለስህ ስህተት ነበር። በ24 ሰዓት ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ የሌላውን ሥራ የመለሰ ሰው እውነቱ ከእሱ ጋር ቢሆንም ይታገዳል። ሁለተኛው ላይ ቆመህ ወደ ውይይት ገጹ መሄድ ነበረብህ።

አሁን ወደ መጽሐፍህ እንምጣ። ሁለት ነገር ጠርጥሬያለሁ።

አንደኛው ዓመቱ ነው። 1961 ብለህ ብቻ ነው የጻፍከው ወይስ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ገልጸሃል? ብቻውን ከጻፍከው ያ ሰው እ.ኤ.አ. በ1961 የታተመ መጽሐፍ ነው የሚፈልገው። የውጭ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ያንኑ መጽሐፍ በ1968 ወይም 1969 ነው የሚመዘግቡት። በዓመት የሚፈልግ ሰው በጭራሽ አያገኘውም፣ እና «የለም» ቢል አልዋሸም። እኔ ራሴ በዚህ ምክንያት አንድ ወር ሙሉ ከአንድ ሰው ጋር ተጨቃጭቄ አውቃለሁ።

ሁለተኛው የደራሲው ስም ነው። የዊኪፔዲያ የመጽሐፍ ቅጽ «የቤተሰብ ስም» ይጠይቃል። የእኛ ሰው የቤተሰብ ስም የለውም፣ ያለው የአባት ስም ነው። አንተ በዋና ስሙ ስትጽፍ ሌላው በአባቱ ስም ይፈልጋል። በዚያ ላይ የላቲን ፊደሉ አለ። ተክለ ጻድቅ መኩሪያን የሚያህል የታወቀ ደራሲ እንኳ ስማቸው በላቲን ፊደል ብዙ ዓይነት ሆኖ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ስሙንም ርዕሱንም በፊደላችን ጻፈው፣ ከዚያ በላቲን ድገመው፣ ማተሚያ ቤቱን ጨምር። በዚያ ዘመን የታተሙት የእኛ መጻሕፍት ዓለም አቀፍ የመጽሐፍ ቁጥር ስለሌላቸው የሚታወቁት በማተሚያ ቤትና በዓመተ ምሕረት ነው።

ከዚያ የሚመለከተውን አንቀጽ ከመጽሐፉ ላይ ቃል በቃል ገልብጠህ ከትርጉሙ ጋር ውይይት ገጹ ላይ አስቀምጥ። ገጹን በስልክ አንሳው፣ የሽፋኑን ውስጥም አንሳ። ሙሉውን መጽሐፍ ግን እንዳትጭነው፣ የቅጂ መብት አለ።

የአስጎብኚው ድረ ገጽ ደግሞ የሚገባውን ቦታ ያግኝ። ጸሐፊው የማይታወቅ፣ አርታኢ የሌለው፣ ሊሸጥ የተጻፈ ገጽ ለታሪክ ምንጭ አይሆንም። ይህን በትሕትና ጻፈው።

—

የታሪክ መምህር ነበርኩ፦

ልጆች፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ጊዜዬን የማሳልፈው በዚሁ ሥራ ስለሆነ እኔም ልጨምር። አርታኢው ያለው ሁሉ ትክክል ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ሌላው ጫፍ ነው።

መጽሐፍ መሆኑ ብቻ አስተማማኝ አያደርገውም። የአማርኛ መጽሐፍ መሆኑም አያደርገውም፣ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ መሆኑም አያደርገውም። ዳግማዊ ምኒልክ የሞት ቅጣት መፈጸሚያ የኤሌክትሪክ ወንበር ከአሜሪካ አስመጥተው፣ መብራት ስላልነበረ ዙፋን አደረጉት የሚለውን ተረት ሰምታችኋል። በእንግሊዝኛ የታተሙ መጻሕፍት አንዱ ከሌላው እየቀዱ ሲያሳትሙት ኖረዋል። ምንጩን ወደ ኋላ ብትከተሉት በዘመኑ የተጻፈ ሰነድ ጋ አያደርሳችሁም። አሥር መጽሐፍ ሲደግመው አሥር ምንጭ ሆነ ማለት አይደለም። አንድ ነው፣ እሱም ባዶ ነው።

ወደ ራሳችን ልመለስ። ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ በነበሩበት ጊዜ ለእንግሊዛዊው ቻርልስ ሬይ የሰጡት የነገሥታት ዝርዝር አለ። እ.ኤ.አ. በ1922 የተሰጠ፣ ሬይ ደግሞ በ1927 ያሳተመው። ከ6000 ዓመት በላይ ይሸፍናል፣ ለእያንዳንዱ ንጉሥ የገዛበትን ዓመት ያስቀምጣል። የታተመ ነው። የሰጡትም ትልቅ ሰው ናቸው። ግን የጥንቱን ክፍል ስታዩት የግብፅና የኩሽ ነገሥታት ስሞች ገብተውበት ታገኛላችሁ፣ ካሽታን ትርሐቅን ትመለከታላችሁ። ለቅድመ አክሱም ዘመን ይህን ዝርዝር እንደ ማስረጃ ማቅረብ አይቻልም። ለሌላ ጥያቄ ግን ግሩም ምንጭ ነው፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የቤተ መንግሥቱ ምሁራን ታሪካችንን እንዴት ያዩት ነበር ለሚለው። ያው ወረቀት ለአንዱ ጥያቄ ይበቃል፣ ለሌላው አይበቃም። ይህን ስናገር ስንት ሰው እንደተቆጣኝ እኔ ነኝ የማውቀው። አገር እንደካድኩ ተቆጥሬያለሁ። አገሬን ስለምወድ ነው የምለው። ሊፈርስ በሚችል ነገር ላይ የተሠራ ጽሑፍ አንድ ቀን አንድ ተማሪ ያፈርሰዋል፣ ያን ጊዜ እውነቱንም አብሮ ይጥለዋል።

ስለዚህ አንተ ልጅ፣ ያንን መጽሐፍ እንደገና አንብበው። ደራሲው ገበያው ነበረ የሚለው ከምን ተነስቶ ነው? ሰነድ አይቶ ነው? ራሱ ነበረበት? ሰው ነግሮት ነው? ሳታውቅ አትከራከር።

ሌላም የምጠቁምህ አለ። በርንሃርድ ሊንዳል የሚባል ሰው የኢትዮጵያን የቦታ ስሞች በፊደል ቅደም ተከተል ሰብስቦ፣ ስለ እያንዳንዱ ቦታ ማን ምን እንደጻፈ አስቀምጧል። ስዊድን አገር ኡፕሳላ ያለው የኖርዲክ አፍሪካ ኢንስቲትዩት ድረ ገጽ ላይ ነው ያወጣው። በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ያሉት የትንንሽ ከተሞቻችን ጽሑፎች ብዙዎቹ እሱን ነው የሚጠቅሱት። እሱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1938 ሚላኖ የታተመውን የጣሊያኖች የምሥራቅ አፍሪካ መንገደኛ መመሪያ ደጋግሞ ይጠቅሳል። ያ መመሪያ የወራሪ ሥራ ነው፣ ስለ ወረራው የሚለውን አትቀበልም። ግን መንገዱ የት እንደሚያልፍ፣ ገበያ የት እንደሚቆም፣ ምን ምን ሕንፃ እንደተሠራ በዝርዝር ይጽፋል። ራሳቸው አዲስ ያልሠሩትን ቦታ እንዴት እንደገለጹት ማየት ነው።

—

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

ሰላም። እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ነው፣ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለመድረስ ባቡር ብቻ ነው የሚያስፈልገኝ። የመጽሐፉን ርዕስ በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ እዚያ የአማርኛ መጻሕፍት ብዙ ስላሉ ልፈልግልህ።

ግን አንድ ነገር ልናገር፣ ምክንያቱም ስለ አያትህ የጠየቅከውን ሁሉም ዘለለው።

አያትህ ያዩትን ዊኪፔዲያ በቀጥታ አይቀበልም። የታተመ ነገር ነው የሚፈልገው። እኔ ይህን ሕግ ለረጅም ጊዜ ስጠላው ነበር። የእናቴ አጎት ስለ አንድ ገዳም የሚያውቁትን ሁሉ ይዘው ነው የሞቱት፣ እኔም አሜሪካ ሆኜ በስልክ የሰማሁትን በማስታወሻ ደብተር ከመጻፍ ሌላ ያደረግሁት የለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ሕንድና ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የቃል ምስክርነትን ቀድቶ ለዊኪፔዲያ ምንጭ የማድረግ ሙከራ ተካሂዶ ነበር። የመንደር ጨዋታ፣ የቤት ውስጥ መጠጥ አጠማመቅ፣ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ የማይጽፍለትን እውቀት ነበር የቀዱት። ተቃውሞው የበረታ ነበር። ሰው ሁሉ አያቱን እየቀዳ ቢያመጣ ማን ይለየዋል አሉ። አሁን ሳስበው እነሱም ልክ ነበሩ፣ ምክንያቱም የእኔ አያት ያሉትንና የጎረቤት አያት ያሉትን እኩል የሚያነጥረው ማን ነው?

ግን በሩ ዝግ አይደለም። መንገዱ ረጅም ነው እንጂ አለ። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ውስጥ የታሪክ ተማሪዎች ለመመረቂያ የጻፏቸው ጽሑፎች ተደርድረዋል። ብዙዎቹ ተማሪዎች ወደ ተወለዱበት አውራጃ ሄደው ሽማግሎችን ጠይቀው ነው የጻፉት። ማን ምን እንዳለ፣ መቼ እንደተጠየቀ፣ ሁሉም መጨረሻው ላይ አለ። የአያትህ እኩዮች እዚያ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ።

—

አርታኢ ከአራት ኪሎ፦

@ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እዚህ ላይ አልስማማም፣ ወይም ግማሹን ነው የምስማማው። የመጀመሪያ ዲግሪ መመረቂያ በዊኪፔዲያ እንደ ጠንካራ ምንጭ አይታይም። የዶክትሬት ከሆነ እሺ። የማስተርስ እንኳ ሌሎች ምሁራን ሲጠቅሱት ካልታየ ያጠያይቃል። ያመጣል፣ ያነሱበታል፣ እንደገና ይናደዳል።

—

የታሪክ መምህር ነበርኩ፦

አርታኢው፣ ሕጉን በትክክል ነው የተናገርከው፣ ግን እኔ እነዚያን ጽሑፎች ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝ። አንዳንዱ ደካማ ነው፣ አልዋሽም። አንዳንዱ ግን ስለዚያ ወረዳ ከተጻፈው ሁሉ የተሻለው ነው፣ ምክንያቱም ሌላ የጻፈ የለም። ስለ ናፖሊዮን ሲሆን ደረጃውን ከፍ አድርጉ፣ ምርጫ አለና። ስለ አንዲት የገበያ ከተማ ግን በስድስት ወር ጥናት የተጻፈ የተማሪ ጽሑፍና ስም የለሽ የአስጎብኚ ገጽ ቢቀርቡ የትኛውን ታምናለህ? ሕጉ ራሱ ምንጩ ለሚደግፈው ነገር ተመጣጣኝ መሆኑ ይታይ ነው የሚለው።

—

ቀጥተኛው፦

መምህር፣ እርስዎ ስላሉ ዝም አልኩ እንጂ አሁንም ልቤ አልረካም። እሺ፣ አንድ ጥያቄ። ዓድዋ መቼ ነው? እንግሊዝኛው ማርች 1 ይላል። እኛ በዓሉን የካቲት 23 ነው የምናከብረው፣ ያ ደግሞ ማርች 2 ነው። አርሜ ማርች 2 ብዬ ስጽፍ መለሱብኝ። በገዛ ድላችን ቀን ላይ እንኳ ተከራከሩን። ይሄን ምን ይሉታል?

—

የታሪክ መምህር ነበርኩ፦

ልጄ፣ እዚህ ላይ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ መመለሳቸው ግን ተገቢ ነበር።

የካቲት 23 ቀን 1888 በዚያው ዓመት ሲቆጠር ማርች 1 ቀን 1896 ነው። ዛሬ የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ላይ ነው። ለምን? ፈረንጆቹ በ1900 ፌብሩዋሪን 29 አላደረጉም። የእነሱ ደንብ መቶ ሲሞላ ለ400 ካልተካፈለ ያንን ቀን ይዘልላል። እኛ ደግሞ ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ ስድስት ማድረጋችንን አላቋረጥንም። ስለዚህ ከዚያ ዓመት ወዲህ የሁለቱ ልዩነት በአንድ ቀን ጨመረ። የዛሬውን የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ይዘህ ወደ 1888 ስትመለስ አንድ ቀን ትስታለህ።

ማንም ድልህን አልነካም። የጎደለው ይህን በሁለት መስመር የሚያስረዳ ማስታወሻ ነው። አንተ ጻፈው። አንባቢው ሁሉ እንዳንተ ግር ይለዋልና ይጠቅማል።

—

ቀጥተኛው፦

ይሄን እስከዛሬ አላውቅም ነበር። የነገረኝም የለም። እሺ፣ እጽፈዋለሁ። ከመለጠፌ በፊት እዚህ አመጣዋለሁ፣ መምህር ያዩልኛል?

—

የታሪክ መምህር ነበርኩ፦

በደስታ።

—

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

@የቅዳሜ ገበያ፣ መጽሐፍህ አለ! ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ውስጥ አገኘሁት። ዓመቱ «1961 [1968 ወይም 1969]» ተብሎ ነው የተመዘገበው። አርታኢው እንዳለው ነው። ደራሲውም በላቲን ፊደል አንተ በጻፍከው ዓይነት አይደለም የተመዘገበው፣ አንድ ፊደል ይለያል። በዚያች አንድ ፊደል ምክንያት ነው ያ ሰው ያጣው። የካታሎጉን አድራሻ በውስጥ መስመር ልኬልሃለሁ።

—

የቅዳሜ ገበያ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስት ሳምንት የጠፋሁት አገር ቤት፣ ከተማችን ሄጄ ስለነበረ ነው።

መምህር እንዳሉኝ መጽሐፉን እንደገና አነበብኩት። ያን አንቀጽ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ይመስለኝ ነበር። አባቴ ጮክ ብሎ ሲያነብልኝ ነው የሰማሁት፣ በቃሌም የያዝኩት። አሁን ጣቴን እያስኬድኩ ቃል በቃል ሳነበው ደራሲው «ነበረ» ብሎ አልቆመም። ሽማግሎች እንደሚሉት ብሎ ነው የጀመረው። ቀጥሎም ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ይቆም እንደነበር፣ ቤት ግን ጥቂት ብቻ እንደነበረ፣ መንገዱና የመጀመሪያዎቹ የቆርቆሮ ቤቶች በወረራው ጊዜ እንደመጡ ይናገራል። አባቴ ሲያነብልኝ ይቺን ሁለተኛዋን ዘልሏት ይሁን ወይ እኔ ረስቻት አላውቅም። እኔ የጻፍኩት «ከተማዋ ከጣሊያን በፊት ነበረች» ብዬ ነው። መጽሐፉ እንዲያ አይልም።

አፈርኩ። ግን ደግሞ የአስጎብኚው ገጽም ትክክል አይደለም፣ ምክንያቱም ባዶ ሜዳ ላይ የመጣ ሰው የለም።

ውይይት ገጹ ላይ ሁሉንም አስቀመጥኩት። አንቀጹን ከነትርጉሙ፣ የካታሎጉን ማስረጃ፣ ዓመተ ምሕረቱ በእኛ አቆጣጠር መሆኑን። የተሳሳትኩትንም ጻፍኩ። ያ ሲያነሳብኝ የነበረው ሰው በማግስቱ መለሰልኝ። የአማርኛ ዓመት ልዩ መሆኑን አላውቅም ነበር፣ ይቅርታ አለኝ። አሁን ጽሑፉ የአካባቢው ሽማግሎች እንደሚሉት ቦታው ከወረራው በፊት የቅዳሜ ገበያ እንደነበረ፣ መንገዱና የቆርቆሮ ቤቶቹ በወረራው ጊዜ እንደተሠሩ ይላል። የአስጎብኚው ገጽ ወጥቷል።

ሊንዳልንም አየሁት። የከተማችን ስም ሦስት ዓይነት አጻጻፍ አለው። የጣሊያኖቹን መመሪያ ይጠቅሳል፣ እሱን ገና አላየሁትም። ጣሊያንኛ የሚችል ጎረቤት አለኝ፣ አስመራ ያደገ፣ እሁድ አብረን እናነባለን።

የአማርኛውን ዊኪፔዲያም ከፍቼ ሰባት ወር ምንጭ ሳይኖረው የተቀመጠውን የራሴን ጽሑፍ አስተካከልኩት። ማንም አልጠየቀኝም። የአያቴን ነገር ግን ማጥፋት አልቻልኩም፣ ለጊዜው ወደ ውይይት ገጹ ነው ያዛወርኩት፣ ስማቸውን ሳልጠቅስ፣ ከአሞሌው ጋር። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ስድስት ኪሎ ያሉት የመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ ስለ አውራጃችን የተጻፈ ካለ ሐሙስ ሄጄ እጠይቃለሁ። ለመግባት ምን ወረቀት ያስፈልጋል? የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይጠይቃሉ?

—

አርታኢ ከአራት ኪሎ፦

ደብዳቤ ካለህ ያዝ፣ መታወቂያህን ግን አትርሳ። በጠዋት ሂድ። እኔም ሐሙስ እዚያው አካባቢ ነኝ፣ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።